ቤቷን ፎቅ ላይ ያወጣችው ሴት

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሜሴንጀር ረዘም ያለ ጥያቄ ላከልኝ። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ የልጆች አባት ነው፤ ለእኔ ግን ያው ከኋላ ወንበር ሆኖ "ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" የሚለው ልጅ ነው። እናቱ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የቆየ ቪላ አላቸው። ግቢው ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው፣ እሱና እህቶቹ ያደጉት እዚያ ነው። አንድ ሪል ስቴት የሚሠራ ሰው መጥቶ "ቪላውን ላፍርሰውና ባለ ብዙ ፎቅ አፓርታማ ልሥራበት። የላይኞቹን ሁለት ፎቆች በውስጥ ደረጃ አገናኝቼ አስረክባችኋለሁ፤ ሳሎኑንም ልክ እንደ ድሮው አድርጌ እሠራዋለሁ" ብሏቸዋል። እናትየው ሐሳባቸው ለሁለት ተከፍሏል። ልጁ እኔን የጠየቀኝ ግን ስለ ግንባታው አይደለም። "ቲቸር፣ ሰው ቤቱን አፍርሶ ያንኑ ቤት ፎቅ ላይ መልሶ ያገኘበት ታሪክ አለ ወይ?" ነው ያለኝ።

አለ። ያውም 100 ዓመት ሆኖታል። ለእሱ በግል ልመልስለት ብዬ ጀምሬ ሲረዝምብኝ ጊዜ "ለምን ሌሎቹስ አያነቡትም" ብዬ እዚህ አመጣሁት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው ኒውዮርክ ነው፤ አምስተኛ ጎዳና ከ92ኛ መንገድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ፣ ከሴንትራል ፓርክ ፊት ለፊት። ባለታሪኳ ማርጆሪ ሜሪዌዘር ፖስት ትባላለች። (በታሪክ ክፍል ንጉሡንም ሎሌውንም በአንቱታ ስጠራ ክፍለ ጊዜው ስለሚያልቅብኝ እሷም "እሷ" ትባላለች፤ ቅር አይበላችሁ።) አባቷ ሲ. ደብሊው ፖስት ሚሺጋን ውስጥ ባትል ክሪክ በምትባል ከተማ የቁርስ እህል እያመረተ ያሽግ የነበረ ሰው ነው። በ1914 ሲሞት ያለችው አንድ ልጅ ስለነበረች፣ በ27 ዓመቷ ድርጅቱን እንዳለ ወረሰች። ያ ድርጅት በኋላ ጄሎ የሚባለውን ጣፋጭ ገዛ፣ ቀጥሎ በቅዝቃዜ የሚጠበቀውን የበርድዛይን ምግብ ገዛ፣ ስሙንም ጄኔራል ፉድስ አለ። ዛሬ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ከፍሪጅ አተር በከረጢት ስታወጡ ከእሷ ሀብት ታሪክ አንድ ገጽ በእጃችሁ ያዛችሁ ማለት ነው።

ወደ ቤቱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር መግባት አለበት። በዚያ ዘመን የኒውዮርክ ሀብታም ፎቅ ላይ፣ ከሰው ጋር ደረጃ ተጋርቶ መኖርን እንደ ነውር ነበር የሚያየው። ባለጸጋ ማለት የራሱ በር፣ የራሱ ጣሪያ፣ የራሱ ግቢ ያለው ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ድሃ ብቻ ነው፤ እሱም ከከተማው በስተደቡብ ተጨናንቆ በሚኖርበት ሰፈር። በ1870 ሪቻርድ ሞሪስ ሀንት የሚባል ፓሪስ የተማረ አርክቴክት ለደህና ቤተሰቦች የታሰበ ባለ 5 ፎቅ አፓርታማ ሲሠራ፣ "የፈረንሳይ ቤት" የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ራሱ ሐሜት አለበት። ሊፍትም አልነበረውም።

ሊፍት ስል ቆም ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ታሪክ ሞተሩ እሱ ነው። ኤሊሻ ኦቲስ ገመድ ቢበጠስ እንኳ የማይወድቅ ሊፍት በ1854 ኒውዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ አሳየ፤ ራሱ ላዩ ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠ። ከዚያ በፊት ከፍ ያለ ፎቅ ማለት ርካሽ ፎቅ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ጌቶች አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲኖሩ ገረዶቹ ከጣሪያ ሥር ነበር የሚተኙት። እኛስ? ያ ሊፍት የሌለው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ "ስንተኛ ፎቅ ደረሰህ?" ሲባል "አራተኛ" ያለውን ሰው ፊት አስታውሱ። ውኃ አይወጣም፣ እናት ስትመጣ ጉልበቷ አይችልም፣ ሲሊንደር በሸክም ነው። ታች ያለው ደግሞ ሱቅ ከፍቶ ያከራያል። ከኦቲስ በፊት የነበረው ዓለም ይህንን ይመስላል። ሊፍቱ መጣና ሥርዓቱን ገለበጠው፦ ከላይ ያለው ነፋስ፣ ብርሃንና እይታ ገንዘብ ሆነ።

ቢሆንም የሀብታሞቹ ልብ ቶሎ አልተሸነፈም። በ1884 ዳኮታ የሚባለው ግዙፍ አፓርታማ ከፓርኩ ምዕራብ በ72ኛው መንገድ ላይ ተጠናቀቀ። ያስገነባው ኤድዋርድ ክላርክ ማን መሰላችሁ? የሲንጀር ስፌት መኪና ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረው ሰውዬ። በየበረንዳው ልብስ ሰፊዎቻችን እግራቸው ሥር የምታዩዋት ጥቁር ሲንጀር፣ ያቺ፣ ያንን ሕንፃ ሠርታለች ብል አላጋነንኩም። ክላርክ ግን ሳያልቅ በ1882 ሞተ። (ጆን ሌነን በ1980 የተገደለው የዚህ ሕንፃ በር ላይ ነው።) ዳኮታ ተሞላ፤ ሆኖም የገቡት ሙዚቃ ነጋዴው፣ የደህና ድርጅት ሥራ አስኪያጁ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። የአምስተኛው ጎዳና ትልልቅ ስሞች ከግቢያቸው አልተነቃነቁም።

ባለ ሁለት ፎቅ አፓርታማ፣ ዛሬ ማስታወቂያ ላይ "ዱፕሌክስ" እያሉ የሚጮኹበት፣ በአብዛኛው ተለምዶ የወጣው ከሠዓሊዎች ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ሠዓሊ የሰሜን ብርሃን ይፈልጋል፣ ቀኑን ሙሉ የማይለዋወጥ ነውና። ትልቅ ሸራ የሚቆምበት ከፍ ያለ ጣሪያም ይፈልጋል። በ1903 አካባቢ በምዕራብ 67ኛ መንገድ ሠዓሊዎች ተሰባስበው ገንዘብ አዋጥተው ሕንፃ አሠሩ፦ የሥራ ክፍሉ የሁለት ፎቅ ቁመት አለው፣ ከኋላው መኝታዎቹ በሁለት ደርብ ተነባብረዋል፣ በመካከል የውስጥ ደረጃ አለ። ሀብታሞቹ ይህንን አዩና "ለካ አፓርታማ ውስጥም ደረጃ ይኖራል!" አሉ። ደረጃ ካለው ቤት ነው። እንግዳ ታች ይቀመጣል፣ መኝታው ላይ ነው፣ የቤቱ እመቤት ቀሚሷን ይዛ ቀስ ብላ ትወርዳለች። በእኛም ቢሆን ከጥንት ሰገነት ያለው ቤትና የሌለው ቤት እኩል ተቆጥሮ አያውቅም።

በ1912 ከሜትሮፖሊታን ሙዚየም ፊት ለፊት 998 አምስተኛ ጎዳና የሚባል አፓርታማ ሲከፈት፣ አከራዩ ድርጅት አንድ ብልሃት ተጠቀመ። ሴናተር ኢላይሁ ሩትን፣ የቀድሞውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በቅናሽ ኪራይ አስገባው። "ሩት ከገባ እኛስ ምን ይለናል?" ብለው ሌሎቹ ተከተሉ። ዛሬ "እገሌ የሚባለው አርቲስት እዚህ ቤት ገዝቷል" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህንን አስታውሱ።

እንግዲህ ወደ ማርጆሪ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በ92ኛው መንገድ ማዕዘን ላይ ቀድሞ የበርደን ቤተሰብ የነበረ ትልቅ መኖሪያ ቤት ነበራት። ሁለተኛ ባሏ ኢ. ኤፍ. ሀተን የአክሲዮን ደላላ ነው፣ በስሙ የሚጠራ ታዋቂ ድርጅት የነበረው። ሰፈሩ ምርጥ ነው። ግን አምስተኛው ጎዳና ተለውጧል። ፈረስ የሚረግጠው ጎዳና አውቶቡስና መኪና የሚያጓራበት ሆኗል። ከ1913 ጀምሮ የፌዴራል የገቢ ግብር አለ። የመሬቱ ዋጋ ሲንር በላዩ ያለው ግብርም ናረ። በዚያ ላይ በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ከአውሮፓ የሚመጣውን ሰው ስለቀነሰ የቤት ሠራተኛ እንደ ድሮው አይገኝም። በዙሪያዋ የነበሩት ግቢዎች አንድ በአንድ ሲፈርሱ ታያለች።

በነገራችን ላይ እነዚያ ግቢዎች የፈረሱበት ፍጥነት ለእኛ ለዛሬዎቹ አዲስ አበቤዎች እንግዳ አይሆንብንም። የወይዘሮ አስተርን ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የኒውዮርክ ማኅበራዊ ሕይወት እመቤት ነበረች፤ በ34ኛው መንገድ ትኖር ነበር። የባሏ የወንድም ልጅ ከጎኗ ያለውን ቤቱን አፍርሶ በ1893 ዋልዶርፍ ሆቴልን አቆመባት። ጩኸቱን ሸሽታ በ1896 ወደ ሰሜን፣ 65ኛው መንገድ፣ አዲስ ወደ ተሠራላት ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ገባች። የቀድሞ ቤቷ ፈርሶ ልጇ አስቶሪያ ሆቴልን ሠራበት፣ ሁለቱ ሆቴሎች ተዋሃዱ። ከ30 ዓመት በኋላ ሁለቱም ፈርሰው በቦታቸው ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ቆመ። ያ የ65ኛው መንገድ አዲስ ቤትስ? ተሠርቶ 30 ዓመት ገደማ ሲሆነው ፈረሰ፤ ዛሬ ቦታው ላይ ትልቅ ምኩራብ አለ። ለልጅ ልጅ ይተርፋል ተብሎ በድንጋይ የተሠራ ቤት ያኖረው አንድ ትውልድ ነው!

አንድ የግንባታ ኩባንያ ማርጆሪ ዘንድ መጣና ቤቷን ገዝቶ፣ አፍርሶ፣ ባለ 14 ፎቅ አፓርታማ ለመሥራት ጠየቀ። እሷም እሺ አለች፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ቤቷን አናቱ ላይ መልሰው እንዲሠሩላት። እንዲመስለው ሳይሆን እሱኑ! ክፍሎቹን፣ አደራደራቸውን፣ የለመደችውን የኑሮ ሥርዓት።

ተስማሙ። ሕንፃው 1107 አምስተኛ ጎዳና ተባለ፣ ሩዝና ጎልድስቶን የተባሉ አርክቴክቶች ነደፉት፣ በ1925 አለቀ። የላይኞቹ ሦስት ፎቆች የእሷ ሆኑ፦ 54 ክፍሎች። የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ከተሠሩት አፓርታማዎች ትልቁ እያሉ ይጠሩታል፤ ፔንትሃውስ የሚባለውን ነገር ክብር ሰጥቶ ያስጀመረውም እሱ ነው ይላሉ። ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ የአፓርታማ ጣሪያ የሠራተኛ ክፍልና የልብስ ማስጫ ነበር።

ዝርዝሩ ውስጥ ገብቼ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ከ92ኛው መንገድ በኩል መኪና ገብቶ የሚያወርድበት የራሷ መግቢያ ነበራት። ሌሎቹ ተከራዮች በሌላ በር ይገባሉ። ምድር ላይ የራሷ የመቀበያ ክፍልና የራሷ በር ጠባቂ አለ። ወደ ላይ የሚወስደው ሊፍት የእሷ ብቻ ነው። ከላይ ሲደርሱ ግብር የሚበላበት ትልቅ የመመገቢያ አዳራሽ አለ፤ ከመቶ ሰው በላይ ያስቀምጣል። ለብር ዕቃ ክፍል አለ፣ ለወይን ክፍል አለ፣ ለአበባና ለፀጉር ካፖርት የቀዘቀዘ ክፍል አለ። ዳቦ መጋገሪያ አለ። ልብስ ማጠቢያ አለ። የምሽት ቀሚስ ብቻ የሚሰቀልባቸው ክፍሎች አሉ። እኔ እዚህ ያለችኝን አንዲት ቁምሳጥን ከባለቤቴ ጋር ተካፍያለሁ፤ ድርሻዬ ሁለት ማንጠልጠያ ነው፣ አላማርርም።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን መስኮቱ ነው። ከፓርኩ በኩል ቆሞ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው፣ ሕንፃው ላይ መስኮቶቹ ሁሉ ሥርዓት ይዘው እየተደረደሩ ይወጡና ወደ አናቱ ሲጠጉ አንድ ትልቅ፣ በመካከሉ ቅስት ያለው የጣሊያን ዓይነት መስኮት ይመጣል። ሌላ ቦታ የለም። ጎረቤቱ በሙሉ "እዚያ ላይ ሌላ ቤት አለ" እንዲል የተደረገ ነው። ግቢ ሲኖርህ አጥርህ ይናገርልሃል። አጥር ሲጠፋ መስኮቱ ተናገረ።

ስንት ከፈለች? እዚህ ላይ ነው ተማሪዬ ጆሮህን የምትሰጠኝ። በዓመት 75,000 ዶላር። ኪራይ ነው፤ አልገዛችም። በዚያ ዘመን የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ከ300 ዶላር በታች ይሸጥ ነበርና፣ በአንድ ዓመት ኪራይ ከ250 በላይ መኪና ይገዛል። ወይም በዚህ ያዙት፦ ሄንሪ ፎርድ ዓለምን ያስደነቀበት የቀን ደሞዝ 5 ዶላር ነው። በዚያ ደሞዝ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ 50 ሠራተኛ ያገኘውን በሙሉ ቢያዋጣ ነው የቤት ኪራይዋ የሚሞላው። ውሉ የ15 ዓመት ነበር።

አያችሁት? መሬቱን ሸጠች፣ ገንዘቧን ተቀበለች፣ የራሷ የነበረው ቦታ ላይ ተከራይ ሆነች። ለእሷ ይህ ምንም አይደለም። በዚያው ዓመታት ፍሎሪዳ ውስጥ ማር-አ-ላጎን ታስገነባ ነበር፤ አዎ፣ ያኔ የእሷ የነበረው፣ ዛሬ ትራምፕ የሚኖሩበት። ሌላ ቦታ ሌላ ቤት አላት፣ መርከብም አላት። አምስተኛ ጎዳና ላይ ያለው ከቤቶቿ አንዱ ነው። አንድ ቤት ብቻ ላለው ሰው ግን "የላይኛው ፎቅ ያንተ ነው" የሚለው ቃል "ያንተ" በምን ወረቀት እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከዚያ 1929 መጣ። የአክሲዮን ገበያው ተሰበረ። የሚገርመው ነገር፣ የኒውዮርክ የምንጊዜም ዝነኛ አፓርታማ የሚባለው 740 ፓርክ ጎዳና ሲሠራ የነበረው ልክ በዚያን ሰዓት ነው። አስገንቢው ጄምስ ሊ የጃክሊን ኬኔዲ አያት ናቸው፤ ጃክሊንም በልጅነቷ ኖራበታለች። (ጃንሆይ በ1963 ዋሽንግተን ሲሄዱ የነብር ቆዳ ካፖርት የሸለሟት ያቺው ጃክሊን ነች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ የኖረችውም ማርጆሪ ከነበረችበት ጥቂት መንገድ ወረድ ብሎ ያው አምስተኛ ጎዳና ላይ ነው።) ከአርክቴክቶቹ ዋናው ሮዛሪዮ ካንዴላ የሲሲሊ ስደተኛ ነው፣ የልስን ሠሪ ልጅ። ከእሱ የተሻለ የውስጥ ደረጃ የሚያስቀምጥ ሰው አልነበረም ይባላል። ገበያው ሲሰበር ሥራ ፈታና የምስጢር ጽሕፈት መፍታት ላይ ተጠምዶ መጽሐፍ ጻፈ። ምን ያድርግ! በዚያ ችግር ጊዜ ሰዎች ተባብረው በአክሲዮን የያዟቸው ብዙ የተንደላቀቁ አፓርታማዎች ከሰሩ። አንዱ ጎረቤት ወርሃዊውን የጋራ ወጪ መክፈል ሲያቅተው የእሱ ድርሻ ወደ ሌሎቹ ይዞራል፣ ከዚያ ሌላው ያቅተዋል፣ እንደዚያ እያለ ሕንፃው በሙሉ ይወድቃል። ግቢ ሲኖርህ የጎረቤትህ መክሰር ያሳዝንህ ይሆናል እንጂ ሊፍትህን አያቆመውም።

ጆን ሮክፌለር ልጅየው ራሱ፣ በ54ኛው መንገድ ዘጠኝ ፎቅ ያለው የግል ቤት የነበረው ሰው፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ያንን አስፈርሶ 740 ውስጥ አፓርታማ ገባ። የፈረሰው ቤት ቦታ ዛሬ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሐውልት አትክልት ሥፍራ ነው። ሮክፌለር ከግቢ ወደ ፎቅ ከወጣ በኋላ ክርክሩ አበቃ።

ማርጆሪስ? ከሀተን በ1935 ተፋታች፤ ዲፕሎማቱን ጆሴፍ ዴቪስን አገባች፣ እሱ በስታሊን ዘመን ሞስኮ አምባሳደር ሲሆን አብራው ሄደች። በ1941፣ ውሉ ሲያበቃ፣ አፓርታማውን ለቀቀች። ባለ 54 ክፍሉ ቤት ተከራይ ጠፋለት። ማን ይግባበት? ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። ያንን ሁሉ ክፍል የሚጠርግ፣ ብሩን የሚወለውል፣ ዳቦውን የሚጋግር ሠራተኛ ጦር ፋብሪካ ገብቷል። አሥር ዓመት ያህል ባዶውን ተቀመጠ። በጣም የማስበው ያንን ነው፤ ከኒውዮርክ እጅግ ውድ በሆነው ጎዳና አናት ላይ፣ መቶ ሰው የሚያስቀምጥ አዳራሽ፣ መጋረጃው ተዘግቶ። በመጨረሻ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግድግዳ ተሠራበትና ለስድስት አፓርታማ ተከፈለ። ከስድስቱ እያንዳንዱ ራሱ ትልቅ ቤት ነው።

አሁን በዚያ መንገድ ከደቡብ ወደ ሰሜን በሐሳብ አብራችሁኝ ሂዱ፤ ሁለት መንገድ እንኳ የማትሞላ ርቀት ናት። መጀመሪያ የብረቱ ከበርቴ አንድሩ ካርኔጊ ግቢ አለ፣ 64 ክፍል፣ በ1902 ያለቀ። ሚስቱ በ1946 እስክትሞት ኖራበታለች፤ ዛሬ የዲዛይን ሙዚየም ነው። መንገዱን ስትሻገሩ የባንክ ሰው ኦቶ ካን ቤት አለ፤ በ1934 የመነኮሳት ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ገዛው፣ እስከ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው። ከእሱ ቀጥሎ የማርጆሪ ሕንፃ። እንደገና መንገዱን ስትሻገሩ የፊሊክስ ዋርበርግ ቤት፣ በ1908 የተሠራ፤ ሚስቱ ፍሪዳ በ1944 ሰጠችውና የአይሁድ ሙዚየም ሆነ። አራት ጎረቤቶች፣ ተመሳሳይ ሀብት፣ ተመሳሳይ ሰፈር። ሦስቱ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል፣ በስጦታ ወይም በሽያጭ ሌላ ሥራ ስለተሰጣቸው። ያልቆመው "ቤቴን እንዳለ ላቆየው" ያለችው ሴት ቤት ብቻ ነው። እኔ ይህንን ስታዘብ ለረጅም ጊዜ ፈገግ አልኩ፤ ደግሞ ትንሽ አዘንኩላት።

ፍርዴን ልስጥ መሰለኝ፣ ማምለጫ የለኝም። ማርጆሪ ሞኝ አልነበረችም። ሌሎቹ ወደ ሰሜን እየሸሹ አዲስ ግቢ ሲሠሩና ሲፈርስባቸው፣ እሷ ጩኸቱን ከእግሯ ሥር አድርጋ 15 ዓመት በተመቻት ሁኔታ ኖረች። ከነገሩ ያገኘችው ይህንን ነው፣ የፈለገችውም ምናልባት ይህንን ነበር። ያላገኘችው ቤቷን ነው። ቤት ክፍሎቹ አይደሉማ! ያው መመገቢያ፣ ያው ሳሎን ላይ ሊወጣ ይችላል። መሬት ላይ ያለው ቤት ግን በር ከፍተህ የምትወጣበት፣ ሎሚ ዘርግፎ የሚያስቸግርህ ዛፍ ያለበት፣ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን የሚጣልበት ነው። አምስተኛ ጎዳና ላይ ድንኳን የሚጥል የለም፤ ኦልድ ኤርፖርት ግን አለ።

እንግዲህ አንተ ልጅ፣ ከታሪክ ወደ አንተ ጉዳይ። መጀመሪያ ልዩነታችንን ያዝ። ማርጆሪ የሸጠችው የራሷን መሬት ነው። እኛ ዘንድ ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፤ እናትህ የሚሰጡት ቤታቸውንና ይዞታቸውን ነው። ያ ከእጅ ከወጣ በኋላ የቀራቸው ነገር ውል ብቻ ነው። ሕንፃው እስኪያልቅ ድረስ፣ ያውም ካለቀ፣ የት ነው የሚኖሩት? ኪራዩን ማን ይከፍላል? ሰውየው መሠረት አውጥቶ ብር ቢያልቅበት ጉድጓዱ የማን ነው? ማርጆሪን የገጠማት ኩባንያ ሕንፃውን በጊዜው ጨርሶ አስረከባት። ለዚያ ዕድል ታሪክ ዋስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 370/1995፣ እሱም በእኛ አቆጣጠር። ሁለቱ ፎቆች በእናትህ ስም በአንድ ካርታ ነው የሚወጡት ወይስ በሁለት? ይህ ቀላል ጥያቄ እንዳይመስልህ። እናንተ ከእህቶችህ ጋር አራት ናችሁ መሰለኝ። እናትህን ዕድሜ ይስጣቸው፤ ግን አንድ ትልቅ ባለ ሁለት ደርብ ቤት በአንድ የውስጥ ደረጃ የተያያዘ፣ ለአራት ሲከፈል ምን እንደሚሆን የ92ኛውን መንገድ ግድግዳዎች ጠይቃቸው። ከመጀመሪያው እያንዳንዱ ፎቅ ለብቻው መውጫ በር፣ ለብቻው ውኃና መብራት ቆጣሪ ቢኖረው፣ ደረጃውን መሥራትም መዝጋትም የእናንተ ምርጫ ይሆናል።

ሦስተኛውን ከእናትህ ጋር ቁጭ ብለህ ነው የምታየው። የሊፍቱን፣ የጄኔሬተሩን፣ የጥበቃውን ወርሃዊ ወጪ ጡረታቸው ይችለዋል ወይ? መብራት ሲጠፋ ያ የላይኛው ፎቅ ኦቲስ ከመወለዱ በፊት ወደነበረው ዘመን ይመለሳል። ቅንጦት የሚባለው ነገር ደግሞ ጉልበት ላለው ሰው ነው።

"አታድርጉት" እያልኩ አይደለም። ሰፈሩ እየተለወጠ ነው፣ ጎረቤት ፎቅ ሲቆምባቸው ቪላው ጥላ ሥር ይቀራል፤ ያንንም አውቃለሁ። ግን ሰውየው "ሳሎኑን ልክ እንደ ድሮው እሠራዋለሁ" ካላችሁ፣ ሳሎኑን ተዉትና ስለ ወረቀቱ ይንገራችሁ።

ዋሽንግተን ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ማርጆሪ በ1973 ስትሞት ከነዕቃው ለሙዚየምነት የተወችው ቤት እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነው፣ ሂልዉድ ይባላል። የሩሲያ ነገሥታት ዕቃ ሞልቶታል፣ ሁለት የፋበርዤ ዕንቁላሎች አሉ፣ ግቢው በአበባ ያማረ ነው። እና ልብ በሉ፣ መጨረሻ የኖረችበት ቤት መሬት ላይ ነው፣ የራሷ አጥር ያለው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ፎቶ ላኩልኝ።

አንተ ደግሞ ውሉን ሳትፈርሙ ረቂቁን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ና። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፣ ቡና ሲፈላ አይቀሩም። እናትህንም ይዘሃቸው ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ የሚኖሩበት እሳቸው ናቸውና ሲጠየቁ መስማት እፈልጋለሁ።